ወዶ ቤት ስለ ማጣት

ልጆች ሲጫወቱ የሚመኙትን ይመስላሉ፤ ሴቷ እናት ትሆናለች፣ ወንዱ ወታደር ወይም ዳኛ ይሆናል። ድኻ ሆኖ መጫወትን የሚመኝ ልጅ ግን ቀድሞ እምብዛም አልተሰማም። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ወጣቶች፣ ጐልማሶችም ጭምር፣ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ቤትም ገንዘብም የሌለው ሰው ሆነው መጫወትን እንደ ታላቅ ፈተና ይዘውታል። ይህ ጨዋታ ኮምፒውተር ወዳለበት ቤት ሁሉ ሊገባ የሚችል ስለ ሆነ፣ በዚህ ሳምንት የቤተ ሰብ ገጻችን ሥርዐቱን፣ የሚሰጠውን ትምህርትና የሚያመጣውን አደጋ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጨዋታው ስም ዘ ሲምስ ይባላል። ያወጣው ዊል ራይት የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1991 በጥቅምት ወር በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ ኰረብታዎች ላይ ብርቱ ቃጠሎ ተነሥቶ 25 ሰዎች ሲሞቱ፣ በሺህ የሚቈጠሩ መኖሪያዎች ወደ ዐመድ ተለወጡ፤ ከተቃጠሉትም ቤቶች አንዱ የዚሁ ሰው ቤት ነበረ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን እንደ ገና ለማቋቋም ከማንኪያ እስከ አልጋ ድረስ አንድ በአንድ ሲገዛ፣ ሰው በቤቱ ውስጥ በእውነት የሚያስፈልገው ምን ምን እንደ ሆነ ማሰብ ጀመረ። ጨዋታውም ከዚህ ዐሳብ ጋራ ተያይዞ አደገና በ2000 በየካቲት ወር ታትሞ ወጣ። አራተኛው ክፍል በ2014 ወጣ፤ ከ2022 ጥቅምት ወር ወዲህም የዚህ የአራተኛው መሠረቱ ያለ ዋጋ ይሰጣል። እንግዲህ ቤቱን ያጣ ሰው ስለ ቤት ያወጣውን ጨዋታ፣ ዛሬ ቤት ያላቸው ሰዎች ቤት ለማጣት ይጫወቱበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ አንድ ሰው በሥዕል ይሠራል፤ ስምና መልክ፣ ጠባይም ይሰጠዋል። በአራተኛው ክፍል ለአንድ ሰው መቋቋሚያ 20,000 ሲሞሊዮን ይቈረጥለታል፤ ሲሞሊዮን ማለት የዚያ የጨዋታ ዓለም ገንዘብ ነው። የሥዕሉ ሰው ስድስት ፍላጎት አለው፤ ይኸውም መብል፣ እንቅልፍ፣ መጸዳጃ፣ የገላ ንጽሕና፣ ደስታና የሰው ወዳጅነት ነው። ለእያንዳንዱ ፍላጎት አንዳንድ መስመር ተሰምሮለታል፤ ሲሟላ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲጐድል ወደ ብጫ፣ እጅግ ሲጐድልም ወደ ቀይ ይለወጣል። ረኀቡን ፈጽሞ ቸል ቢሉት ሰውየው ይሞታል። ቤት ላለው ሰው ይህን ማሟላት ቀላል ነው፤ ከአልጋው ተነሥቶ ዐሥር ርምጃ ሳይራመድ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ወደ ሥራውም ይሄዳል።

ቤት የማጣትን ፈተና ግን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነው እንጂ የጨዋታው ሠሪዎች ያዘዙት አይደለም። ተጫዋቹ ሰውየውን በባዶ መሬት ላይ ያቆመዋል፤ የተሰጠውን ገንዘብ ያጠፋበታል፤ አልጋና ምድጃ፣ ጣራም ይከለክለዋል። አንዳንዱም ደመወዝ ያለው ሥራ እንዳይዝ ይፈርድበታል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቅንጣት በቅንጣት አጠራቅሞ ቤት እስኪሠራ ድረስ ይፈተናል። ይህን ሕግ የሚያስጠብቅ ሌላ ሰው የለም፤ ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ተከሳሹም ያው አንዱ ተጫዋች ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ በዚህ ጨዋታ ማዘርሎድ የሚባል የምስጢር ቃል መኖሩ ነው። ተጫዋቹ ይህን ቃል በጻፈ ቍጥር 50,000 ሲሞሊዮን ወዲያው ይገባለታል። ስለዚህ ፈተናው በሙሉ የቆመው ይህን አንድ ቃል ባለመጻፍ ላይ ነው።

የሰውየው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ እንመልከት። ሌሊቱን በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ይላል፤ ነገር ግን የወንበር እንቅልፍ እንደ አልጋ እንቅልፍ አያሳርፍም። ሲነጋ ገላውን ለመታጠብ ወደ ስፖርት ቤት፣ ለመጸዳጃ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ለምግቡ በሜዳ የበቀለውን ፍሬ ይለቅማል፣ ከኵሬ ዓሣ ያጠምዳል። ለገንዘቡ እንቍራሪት ይይዛል፣ ድንጋይ ቈፍሮ ማዕድን ያወጣል፣ ያንንም ይሸጣል። የጨዋታው አንድ ደቂቃ በተራ ፍጥነቱ የእኛን አንድ ሰከንድ ያህላልና፣ ቀኑ በሙሉ በ24 ደቂቃ ያህል ያልቃል። አንዱን መስመር አረንጓዴ ሲያደርግ ሌላው እየቀላ ይጠብቀዋል፤ ዓሣ ሲያጠምድ እንቅልፉ፣ ሲተኛ ረኀቡ፣ ሲበላ ንጽሕናው ይጐድላል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ነው። ቤት ያለን ሰዎች ቤት ሲባል ግድግዳና ጣራ ብቻ ይመስለናል። ይህን ፈተና የተጫወተ ግን፣ ቤት ማለት የሰው ፍላጎት ሁሉ በአንድ ስፍራ የተሰበሰበበት ማለት መሆኑን ያስተውላል። ቤት የሌለው ሰው በየስፍራው እየዞረ ሲለቅም ቀኑ ይመሽበታል፤ ስለዚህ ያጣው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ነው። ሁለተኛው ትምህርት ችግር ችግርን የሚወልድ መሆኑ ነው። በወንበር ያደረ ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ሥራው አይሰምርለትም፤ ሥራው ያልሰመረለትም ሰው ነገም ወደዚያው ወንበር ይመለሳል። ባለጸጋ የድኻን ቀርፋፋነት ሲነቅፍ፣ እንቅልፍ ያጣ ዐይን መሆኑን አይመረምርም።

በዚህ ጨዋታ ልብ የሚነካ ታሪክም ተጽፏል። በ2009 ሦስተኛው ዘ ሲምስ በወጣ ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር የጨዋታ አሠራር ይማሩ የነበሩ ሮቢን በርኪንሾው የተባሉ ሰው፣ ኬቭ የሚባል አባትና አሊስ የምትባል ልጁን ሠርተው፣ ያለ ገንዘብ፣ ሰው የተወው መናፈሻ በሚመስል ስፍራ አኖሯቸው፤ የኑሯቸውንም ታሪክ በሥዕልና በጽሑፍ አወጡ። አባትየው ቍጡና ክፉ፣ ልጆችንም የሚጠላ ነበር፤ ልጂቱ ግን ደግ ነበረች። በወንበር ላይ እያደረች፣ እንቅልፍ እያጣች ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። በኋላም ሥራ ይዛ የመጀመሪያውን ደመወዟን በተቀበለች ጊዜ፣ ተጫዋቹ ያን ገንዘብ በሙሉ ለምጽዋት እንድትሰጥ አዘዟት፤ እርሷም ደክሟትና ርቧት ሳለ ሳታጕረመርም ገንዘቡን በፖስታ አሽጋ ላከችው። የሥዕል ልጅ መሆኗን እያወቁ ብዙ አንባቢዎች አዘኑላት። ሰው ለሥዕል ማዘን ከቻለ፣ ሥጋ ለለበሰውማ እንዴት አያዝን?

ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር አንባቢዎቻችን አጥብቀው እንዲመለከቱልን እንለምናለን። በዚህ ፈተና የተጋ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ድል ያደርጋል። ዓሣውን ሸጦ፣ ማዕድኑን ሸጦ፣ ግድግዳ ያቆማል፣ ጣራ ያለብሳል፣ አልጋም ይገዛል። ያን ጊዜ ልቡ «እኔ ከባዶ መሬት ተነሥቼ ቤት ሠራሁ፤ በጎዳና የተኛው ሰው ለምን አይሠራም?» ሊለው ይችላል። በአገራችን «ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን ከዚያ የሚብስ ነገር አለ፤ ጠግቦ ሳለ ተርቦ ያየ የሚመስለው ሰው ይገኛል።

ይህ ሥጋት የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በ2011 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና፣ በደርሃም ከተማ ድኾችን የሚረዳ ድርጅት ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጋራ ሆኖ ስፔንት የሚባል ሌላ ጨዋታ አውጥቶ ነበር፤ ተጫዋቹ ሥራና ቤት አጥቶ በቀረችው 1,000 ዶላር አንድ ወር እንዲዘልቅ ይፈተንበታል። ዐሳባቸው ሰው ለድኻ እንዲራራ ነበር። ጂና ሩሶስና ጆን ዶቪዲዮ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ግን ጨዋታውን መርምረው በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፣ የተጫዋቾቹ አስተያየት ለድኾች እንዳልተሻሻለ፣ በአንዳንዶቹም ዘንድ ርኅራኄው እንደ ቀነሰ ገለጡ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ ተጫዋቹ ምርጫው ሁሉ በእጁ ስለ ሆነ፣ ድኽነትም ሰው በገዛ ምርጫው የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር መስሎ ይታየዋል አሉ።

በእውነት ዘ ሲምስ ለድኻው የማይቈጠር ችሮታ ያደርግለታል። በስልክ ሥራ ሲጠይቅ አድራሻህ የት ነው የሚለው የለም። ያጠመደውን ዓሣ በማናቸውም ሰዓት የሚገዛው አያጣም። በወንበር ላይ ቢተኛ የሚቀሰቅሰው ፖሊስ አይመጣበትም። በውጭው ዓለም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጨዋታው በተሠራበት በአሜሪካ በ2024 በጥር ወር በአንድ ሌሊት በተደረገው ቈጠራ ቤት የሌላቸው ሆነው የተገኙት ሰዎች 771,480 ነበሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በኦሪገን ስላለችው ስለ ግራንትስ ፓስ ከተማ ጕዳይ፣ ከተሞች በአደባባይ የሚያድሩትን ሰዎች ቢቀጡ ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ጨካኝ ቅጣት አይባልም ብሎ በ6 ድምፅ በ3 ላይ ፈረደ። እንግዲህ በጨዋታው ለማንም ክፍት የሆነው ወንበር፣ በእውነተኛይቱ ከተማ መቀጫ የሚከፈልበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወዶ መቸገር በራሱ ከንቱ ነገር ነው አንልም። የቆሎ ተማሪም ለትምህርቱ ሲል ወዶ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ በየደጁ ይለምናል። ነገር ግን ውሻው በእውነት ይነክሰዋል፣ ብርዱም በእውነት አጥንቱ ድረስ ይገባል፣ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ የሚያሰናብተውም ባለቤት ድምፅ በጆሮው ይቀራል። ስለዚህ ካደገና ከተሾመ በኋላ እንኳ ከደጅ የቆመውን ሰው ያውቀዋል። የኮምፒውተሩ ተጫዋች ግን ሲሰለቸው መስኮቱን ዘግቶ ወደ ራቱ ይሄዳል፤ ምስጢራዊውም ቃል ምን ጊዜም በእጁ ነው። በጎዳና ላለው ሰው እንዲህ ያለ ቃል አልተሰጠውም።

እንግዲህ ወላጆች ምን ያድርጉ? ልጁን ከዚህ ጨዋታ መከልከል አይገባም እንላለን፤ ድኻን ከማያስብ ጨዋታ ይልቅ ድኻን የሚያስብ ይሻላልና። ነገር ግን ልጁ ቤቱን ሠርቶ ደስ ብሎት በመጣ ጊዜ «ቤት ለእንቦሳ» ብለው ይመርቁትና ከአጠገቡ ተቀምጠው ሦስት ነገር ይጠይቁት። መጀመሪያ፣ ሰውዬህን ከወንበሩ ያባረረው ማን ነበር? ሁለተኛ፣ ታሞ ወይም አርጅቶ ዓሣ ማጥመድ ቢያቅተው ማን ይደግፈው ነበር? ሦስተኛ፣ ጨዋታውን መዝጋት ባትችል ኖሮ ስንት ቀን ትታገሥ ነበር? ልጁ መልሱን ራሱ ሲፈልግ፣ ድሉ ትዕቢት መሆኑ ቀርቶ ማስተዋል ይሆንለታል።

ከዚህም በኋላ እኛው ታላላቆቹ የጨዋታውን ስድስት መስመሮች ወስደን በየቤታችን እንለካባቸው። በደጃችን የሚያድረው ዘበኛ ሌሊቱን በምን ላይ ጋደም ይላል? በማእድ ቤት የምታገለግለው ልጅ በስንት ሰዓት ትተኛለች፣ ገላዋንስ የት ትታጠባለች? ከቤተ ዘመዶቿ ጋራ የምትጫወትበት ቀን አላት ወይ? በጣራችን ሥር እያደሩ፣ ከስድስቱ ፍላጎት ሦስቱ ወይም አራቱ የጐደለባቸው ሰዎች ቢገኙ፣ ቤት አላቸው ለማለት እንዴት እንደፍራለን? በሥዕሉ ዓለም መስመሩ ሲቀላ በግልጽ ይታያል፤ በሰው ፊት ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር አልተሰመረምና፣ ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህም ሥራ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የሚቈለፍ በር፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃል። የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሁሉ ይህን ዛሬውኑ እንዲመረምሩ እናሳስባለን።