ቀዳሚትን ለማን እናከብራለን?

በዚህ ሳምንት ያናደደኝን ነገር የሰማሁት ሠርግ ቤት ነው። ለድግሱ የሚሆነው በርበሬ ቅዳሜ ይቀንጠስ ተብሎ የሰፈሩ ሴቶች ተጠሩ። አንዲት እናት ግን «በቀዳሚት ሰንበት እጄን ሥራ ላይ አላሳርፍም፤ ሰኞ በጠዋት እመጣላችኋለሁ» አሉ። መጽሐፍ ማንበቡ ካነጋገሩ የሚያስታውቅ አንድ ጎልማሳ ቀበል አደረገና «እማማ፣ ይሄ እኮ ኦሪት ነው፤ ክርስቶስ ከዚህ ሁሉ ነፃ አውጥቶናል» አላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው እያዩት «ታዲያ ልጄ፣ ነፃ ከወጣሁ ማረፌን ለምን ትከለክለኛለህ?» አሉት።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከዚህ ሐሳብ ጋር የቆየ ጠብ እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ቅዳሜን ማክበር፣ በስምንተኛው ቀን መግረዝ፣ የአሳማ ሥጋ አለመብላት፣ ወንዱን በአርባ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና ማንሳት ወንጌል ያልገባው ሕዝብ ልማድ ነው ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ተናጋሪዎቹ አዲስ ነገር ያገኙ ይመስላቸዋል። የእነሱን ክስ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ይዘውት መጥተው ነበር፤ መልስም ተሰጥቷቸዋል።

መልሱን የጻፉት ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1555። የሃይማኖት ኑዛዜያቸው አጭር ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ከተጻፈው አብዛኛው እሱን አያህልም። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፣ የመዳኛ ዋጋ አይደለም ይላሉ። በአሳማ ሥጋ ነገር፣ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ይላሉ። ቀዳሚትን የምናከብረው ውኃ እንዳንቀዳ፣ እሳት እንዳናነድ ብለን ሳይሆን ቁርባን አቅርበንባት፣ ማዕድ ተካፍለንባት ነው ይላሉ። እዚህ መልስ ውስጥ ፍርሃት የለም። እንዲህ ባላደርግ እኮነናለሁ የሚል ሰው የጻፈው አይደለም።

ከእሳቸው በፊትም ብዙ ተከፍሎበታል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት አገራቸውን ጥለው ግብፅን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ቆጵሮስን አልፈው አርማንያ ድረስ ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1352 ያረፉትም እዚያው ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥትም ከጳጳሳቱም ተገፍተው ኖሩ። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የተወሰነው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ቅዳሜን ማክበር በአዋጅ ቢከለክሉ አገር ደም ፈሰሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ እሳቸው ራሳቸው አወጁ። ይህን ሁሉ የከፈለ ሕዝብ «አልገባውም» አይባልም።

ገላትያን ለሚጠቅሱልኝ ሰዎች መልሴ አጭር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የተቆጣው ግዝረትን የጽድቅ መግዣ አድርገው በአሕዛብ ላይ በጫኑት ላይ ነው። ያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ገርዞታል፤ በኢየሩሳሌምም ስእለት ከነበረባቸው ሰዎች ጋር እንደ ሕጉ ነጽቶ መቅደስ ገብቷል። ዛሬ ማንም ሰው ኦሪትን ጠብቅ ተብሎ ሊገደድ አይገባም። ወድዶ የሚጠብቀውን ግን ለምን ይቆጡታል?

እኔ እንደማምነው ክርስቲያን ትእዛዙን የሚወደው ክርስቶስ የኖረበት ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን ግዝረቱን፣ የካቲት 8 ቀን ደግሞ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቱን ታከብራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ምኩራብ ገብቶ ያነበበው መጽሐፍ ይኸው የኦሪትና የነቢያት መጽሐፍ ነው። ጌታዬ የሄደበትን መንገድ መሄድ ያስደስተኛል። ልጅ የአባቱን ማሳ አጥር የሚጠግነው ውርሱን ለመግዛት አይደለም፤ ማሳው የአባቱ ስለሆነ ነው።

ግን የሠርግ ቤቱን ነገር ሳሰላስል ሌላ ነገር ከነከነኝ፤ እሱ ከጎልማሳው ይልቅ እኛን ቀዳሚት አክባሪዎቹን ይመለከታል። ዐፄ ገላውዴዎስ በቀዳሚት ውኃ መቅዳት አልከለከሉም፤ እኔም አልከለክልም። ግን ውኃውን የምትቀዳው ማን ናት? እመቤቲቱ በርበሬ ያልነካችበት ቅዳሜ የሠራተኛዋ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። እንግዳ የሚመጣው፣ ቤቱ ከጥግ እስከ ጥግ የሚታጠበው፣ እንጀራ የሚጋገረው ያን ቀን ነው። ጌቶች ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ እሷ እንቅልፍ ካየች ስንት ሰዓት ሆኗታል።

ትእዛዙ ደግሞ ስሟን ጠርቷል ማለት ይቻላል። ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሰንበትን ሲያዝዝ አገልጋዮችህ እንደ አንተ እንዲያርፉ ነው ይላል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ብሎ ምክንያቱን ይጨምራል። ኦሪት የቀን ሠራተኛው ደመወዝ አሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዛል። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወው ሰው በሬ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ያዛል። መንገዶቻችንን የሚቆፍሩ ሰዎች ይህችን አንዲት ሕግ ቢጠብቁ ስንት እግር በተረፈ! ከኦሪት የአሳማውን ነገር ይዘን የደመወዙን መተው ሕግ መጠበቅ አይደለም።

ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲነፈጉ እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ልክ ነው። እዚህ በእኛው ጓዳ ያለችውን ግን በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ነፃ የምንለቃት ስንቶቻችን ነን? ክርስቲያን ነን፣ ኦሪትንም አንጥልም የምንል ሰዎች ከማንም ቀድመን ይህን ማድረግ ነበረብን፤ ትእዛዙ ያለው እኛ ዘንድ ነውና።

ስለዚህ ቀዳሚትን ለምታከብሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ልጅቷ ከፈለገች ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፤ ካሻት ዘመዶቿን ትጠይቅ፤ ካልሆነም እስኪበቃት ትተኛ። ከደመወዟም ሳንቲም አይጉደል። ምሳ ያሳስበናል የምትሉ ዓርብ ማታ አብራችኋት ጋግሩ፤ የዓርብ እንጀራ ለእሑድም ይደርሳል።