መስመር የሚዘጋው ስውር ምልክት

አንባቢ ሆይ፣ የ40 ሠራተኞችን ስም በየመስመሩ በፋይል ጽፈው፣ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መስኮት መስመሩ እንዲቆጠር ቢያዝዙ፣ ኮምፒውተሩ 39 ነው ብሎ የሚመልስበት ጊዜ አለ። በጣትዎ ቢቆጥሩ ግን 40 ናቸው።

የጠፋ ሰው የለም። በሊኑክስና በማክ መስመር የሚቆጥረው «ደብሊዩ ሲ» የተባለው ትእዛዝ ስሞቹን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው በየመስመሩ ጫፍ «ኢንተር» ሲመቱ የሚገባውን፣ በአስኪ ሠንጠረዥ ቁጥሩ 10 የሆነውን ስውር ምልክት ነው። ከ40ኛው ስም በኋላ ይህ ምልክት ካልገባ ያ መስመር አልተዘጋም፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

ነገሩ በገዛ ፊደላችን ሲታይ ይቀላል። ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ አራት ነጥብ ግን ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፣ የመጨረሻውን ጭምር። ብዙ ሰው የመስመሩን ምልክት እንደ ሁለት ነጥብ ያስበዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ በተጀመረው በዩኒክስ ሥርዓት ግን አራት ነጥብ ነው።

የቁጥሩ መጉደልስ ባልከፋ፤ ቢያንስ ያስጠረጥራል። የሚከፋው ሁለት ፋይል «ካት» በተባለው ትእዛዝ ሲቀጣጠል ነው። የፊተኛው ፋይል ጫፍ ካልተዘጋ፣ በመጨረሻው ያለችው «አልማዝ» ከተከታዩ ፋይል መጀመሪያ «በቀለ» ጋር ተጣብቃ «አልማዝበቀለ» የሚባል አንድ ፍጡር ይወለዳል። ደመወዝ በዚያ ዝርዝር የሚከፈል ከሆነ ሁለት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ለመመርመር «ቴይል» የፋይሉን የመጨረሻ 1 ባይት ቆርጦ «ኦ ዲ» ለተባለው ትእዛዝ ያቀብል፤ በ«ሲ» አማራጭ ሲታዘዝ፣ ጫፉ የተዘጋ እንደ ሆነ ያዘነበለች ሰረዝና የእንግሊዝኛው ኤን ይታያሉ። ካልተዘጋ «ኤኮ» ብቻውን በሁለት የ«ይበልጣል» ምልክት ወደ ፋይሉ ይላክ። በሁለት ነው ያልሁት! በአንድ ከላኩት የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ይደመሰሳል።

ከዊንዶውስ የመጣ ፋይል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ መስመር የሚዘጋው በ13 እና በ10 ተከታትለው ነው፤ ልማዱም የመጣው ከቴሌፕሪንተር ነው፤ 13 ማተሚያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ 10 ወረቀቱን ያንሸራትታል። ፋይሉ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር 13 ከስሙ ጫፍ ተለጥፎ ይቀራል። ያን ጊዜ ለዓይን አንድ የሆኑት ሁለት «አልማዝ»ዎች ሲነጻጸሩ ኮምፒውተሩ «አይመሳሰሉም» ይላል። «ቲ አር» የተባለው ትእዛዝ 13ን እየለቀመ ያወጣዋል፤ ይህም ከማነጻጸሩ በፊት ይደረግ።