በዘንገና ዙሪያ የገበሬው ውሳኔና የተከፋፈለው ምርምር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። ሐይቁ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ክብ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሲሆን ዳርቻው በአገር በቀል ዛፎች የተከበበ ነው። ከዚያ ወሰን ወዲያ፣ በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች፣ ሌላ ዓይነት ዛፍ ይታያል፤ በአንድ ጊዜ ተተክሎ በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰል የሚሆን ዲከረንስ። መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ ባለፉት ጥቂት አስርት ዓመታት ሰፊ የእህል ማሳ ወደ ዛፍ ማሳነት እንዲለወጥ አድርጓል። ለውጡ በአብዛኛው የመጣው በየቤተሰቡ ውሳኔ ነው። ሰው እንዴት እንደሚወስን ለሚያጠና ተመራማሪ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ከመኪና መስኮት የሚታይ የውሳኔ ውጤት በቀላሉ አይገኝም።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ውሳኔውን ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም። የአዊ ደጋ አፈር አሲዳማነቱ ከፍተኛ ነው፤ ያለ ኖራና ያለ በቂ ማዳበሪያ የሚዘራ ጤፍ ወይም ገብስ ምርቱ ያሽቆለቁላል። ዲከረንስ በበኩሉ በሥሩ አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን ለአፈር የሚያበረክት በመሆኑ በተዳከመ መሬትም ይበቅላል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙንና ጤፉን በአንድ ማሳ ላይ ያለማል፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ በችግኞቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ ዛፉ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና ይከሰላል፤ መሬቱም እንደገና ለጤፍና ለችግኝ ይዘጋጃል። ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። ዘሪሁን ንጉሤና ባልደረቦቻቸው ስለ ፋግታ ለኮማ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ከመሬቱ ምን ያህሉን ለዛፍ ይሰጣል፣ ዛፉንስ ምን ያህል አጠጋግቶ ይተክላል? ጥያቄው ለሁለት መከፈሉ ቁም ነገር አለው። መሬት መስጠትና ማጠጋጋት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸውና።

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ይህን ያህል እንኳ አይሄድም። ተማሪው ‹‹ተክሏል›› ወይም ‹‹አልተከለም›› የሚል አንድ ሳጥን ያዘጋጃል፤ የአባወራውን ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የመሬቱን ስፋትና ከገበያ ያለውን ርቀት ይመዘግባል፤ ቀሪውን ለኮምፒውተሩ ይተዋል። የሚገኘው ውጤት ሐሰት አይደለም። ችግሩ ውሳኔው ራሱ በጥናቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ችግኝ ገዝቶ የተከለው ሰውና በአምስተኛው ዓመት ‹‹ዛፉን እንደቆመ ልሽጠው ወይስ ራሴ ላክስለው?›› ብሎ የሚያስበው ሰው በስም አንድ ቢሆኑም ከፊታቸው ያለው ምርጫ፣ የሚያውቁት ነገርና የሚፈሩት ነገር አንድ አይደለም። አንዱ ሳጥን ሁለቱን ያዋህዳቸዋል፤ ሣሩን ለማን እንደሚሸጥ፣ የልጁ ጋብቻ ሲደርስ ዛፉን ያለ ጊዜው ይቁረጠው አይቁረጠው የሚወስነውንም እንዲሁ።

ይህ ቸልታ ዋጋ የሚያስከፍለው ነገሮች ሲበላሹ ነው። በቅርብ ዓመታት ከዋግ ወገን የሆነ የፈንገስ በሽታ በአዊ የዲከረንስ ማሳዎች ላይ ደርሶ ብዙ ዛፍ አድርቋል። በአንድ ዝርያ ብቻ በተሸፈነ አካባቢ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት የዕፅዋት ሳይንስ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነው። ከበሽታው በኋላ ግን የተለወጠው ማሳው ብቻ አልነበረም፤ ስለ ገበሬው የሚነገረውም ተለወጠ። ትናንት ‹‹ገበያን የተረዳ፣ አስተዋይ›› የተባለው ሰው ዛሬ ‹‹ሀብቱን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ የጣለ›› ይባላል። በሁለቱ ፍርዶች መካከል የገበሬው አስተሳሰብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዕጣው ነው። ጆናታን ባሮንና ጆን ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ያሳየው ይህንኑ የፍርድ ስሕተት ነው፤ ሰዎች የውሳኔን ጥራት ሲመዝኑ፣ ወሳኙ አስቀድሞ ሊያውቀው ያልቻለውን ውጤት ሳይቀር በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡታል። ጥናቱ የሥነ ልቡና ነው፤ የደንና የግብርና ምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሚያነቡት በስንት አንድ ጊዜ ነው።

ኸርበርት ሳይመን በዚህ ረገድ ጥሩ ምስክር ነው። ትምህርቱ የፖለቲካ ሳይንስ ሲሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አሠራር አጥንቷል፤ ኋላም በሥነ ልቡናና በኮምፒውተር ሳይንስ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሸለመው ግን የምጣኔ ሀብት ኖቤል ነበር። ሰው ሁሉን አማራጭ አስልቶ ከሁሉ የሚበልጠውን አይመርጥም፤ ይበቃኛል ያለውን ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል ሲል አስረዳ። የሰውን ምክንያታዊነትም በመቀስ መሰለው። አንዱ ስለት የወሳኙ የማሰብ ችሎታ ነው፤ ሌላው ስለት ውሳኔው የሚደረግበት አካባቢ። በአንድ ስለት የሚቆርጥ መቀስ የለም። የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አደረጃጀት ግን ሁለቱን ስለቶች ለያይቶ ያስቀመጠ ይመስላል፤ ሥነ ልቡና የሰውየውን ጭንቅላት ይዟል፣ የአፈርና የደን ትምህርት ማሳውን፣ ሕግ የይዞታ ደብተሩን፣ ምጣኔ ሀብት ዋጋውን።

ስለቶቹ ሲገጥሙ ምን እንደሚገኝ የሚያሳዩ ሥራዎች በኢትዮጵያ አሉ። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰው ለኪሳራ የሚሰጠው ክብደት ለተመሳሳይ ትርፍ ከሚሰጠው እንደሚበልጥ ሲጽፉ በዋናነት የተመረኮዙት ተማሪዎችና መምህራን በሰጧቸው መልሶች ላይ ነበር። ማሕሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን ተመሳሳይ ጥያቄ በእውነተኛ ገንዘብ ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬዎች አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ማጣትም ያለበት ጨዋታ የቀረበላቸው ሰዎች ማግኘት ብቻ ካለበት ይልቅ እጅግ ጥንቁቅ ሆነዋል። ስቴፋን ደርከንና ሉክ ክሪስቲያንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ገበሬ ማዳበሪያ የሚቆጥበው አዝመራው ቢበላሽ ቤተሰቡ የሚላስ የሚቀመስ ያጣል ብሎ ስለሚሰጋ ጭምር መሆኑን አሳዩ። ከቢሮ ሆኖ ሲታይ ‹‹ለአዲስ ነገር ዝግ›› የሚመስለው ጠባይ፣ የጎተራው ልክ ሲታወቅ የተጠና ስሌት ሆኖ ይገኛል።

ጎተራው ብቻም አይበቃም። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ክርክር ዛሬም ይጠቅማል። ለውጭ ተመልካች ማለቂያ የሌለው የመሬት ሙግት ትርምስ ይመስል ነበር። የዘር ሐረጉንና የሥልጣኑን መንገድ ተከትሎ ሲያየው ግን እያንዳንዱ ተሟጋች የቱን የትውልድ መስመር መቼ እንደሚያነሣ የሚያውቅ ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ርስት ቀርቷል፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተካሂዷል፤ በኋላም የይዞታ ደብተር መጥቷል። ማሳው ላይ ዛፍ የሚያቆም ሰው ከሰል ብቻ እያመረተ ነው ማለት በዚህ ታሪክ ፊት ችኮላ ነው። ዛፉ ‹‹ይህ መሬት የተያዘ ነው›› የሚል ምልክትም ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም፤ ይህን የሚለየው የታሪክና የሕግ ዕውቀት ያለው ጠያቂ በቦታው ሲገኝ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ጉዳይ ወሳኙ ማን ነው የሚለው ነው። መጠይቁ ‹‹የቤተሰብ ኃላፊ›› ይላል፤ መልሱን የሚሰጠውም አባወራው ነው። ሣሩ ለላሚቱ መድረሱን፣ የቤቱ ጤፍ ክረምቱን መዝለቁን የምታውቀው ግን ባለቤቱ ናት። የከሰሉ ጭስም ጉርብትናውን ሁሉ ያዳርሳል፤ የተከለውንም ያልተከለውንም። ጎረቤቱ በዛፍ የተከበበበት ሰው እህል መዝራት ሊከብደው ይችላል፤ ጥላው ይወርድበታልና። በዚህ ጊዜ ‹‹መረጠ›› የሚለው ግስ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ቋንቋም አለ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ ከዚያ በአዊ ቀበሌዎች በአስተርጓሚ አፍ አገውኛ ይሆናል። በአማርኛው ብቻ እንኳ ‹‹ምክንያታዊ›› የሚለው የትምህርት ቤት ቃል የተመሠረተበት ‹‹ምክንያት›› መነሻም ነው፣ ማስረጃም ነው፣ ሰበብም ነው፤ ‹‹ምክንያተኛ›› የተባለ ሰው አልተመሰገነም። ‹‹ይህን ያደረግህበት ምክንያት ምንድን ነው?›› ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ የአስተሳሰቡን መንገድ ተናገር መባሉን ይሁን ራስህን ተከላከል መባሉን ማን አረጋገጠ? ይህ የቋንቋ ተማሪ የአንድ ወር ሥራ ነው፤ ሳይሠራ የቀረ መጠይቅ ግን የሦስት ዓመት ጥናት ያበላሻል።

ደግሞስ ሁሉ ነገር በብር ይተመናል ያለው ማን ነው? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ለዚያ ቀን ፈረሱን አሳምሮ የሚያወጣን ሰው ወጪና ገቢ አስልቶ ‹‹ከሳሪ›› የሚለው ቀመር ያላየው ነገር አለ፤ ቀመሩ ክብርን የሚያስገባበት ዓምድ የለውም።

የጋራ ጥናት ይደረግ ሲባል የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ተገቢም ነው። ‹‹ዘርፈ ብዙ›› ተብለው የወጡ ብዙ ሥራዎች አምስት ባለሙያዎች ለየብቻ የጻፏቸው አምስት ምዕራፎች በአንድ ልባስ የተጠረዙ ናቸው። የማስተርስ ተማሪ ጊዜም ገንዘብም የለውም፤ አምስት ዘርፍ ተማር ቢባል አንዱንም አያውቅም። መፍትሔው ግን ዘርፎችን መደመር ላይ አይደለም፤ የጥናቱን መነሻ መለወጥ ላይ ነው። ከዘርፍ ይልቅ ከአንድ ውሳኔ መነሣት ይቻላል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሦስት ክፍሎች ተማሪዎች በየራሳቸው መቶ መቶ ቤት ከመጠየቅ፣ በዘንገና አካባቢ በጋራ የመረጧቸውን ሠላሳ ማሳዎች ከተከላ እስከ ቆረጣ በቅብብሎሽ ሊከተሉ ይችላሉ። አንዱ ሲመረቅ መዝገቡን ለተከታዩ ያስረክባል። ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ የተመረጠው ብቻ ሳይሆን ታስቦ የተተወውም ይጻፋል፤ ከሁሉ በላይ ውሳኔው የሚመዘገበው በሚወሰንበት ሰሞን ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ የዛፉን ዕድሜ ያህል ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ በሁለት ዓመት ለሚመረቅ ተማሪ የተቀረጸው የምርምር ሥርዓት የሚጋጨውም እዚህ ላይ ነው። የሥነ ምግባርና የገንዘብ ኮሚቴዎች ለአንድ ተማሪ ሳይሆን ለአንድ መዝገብ ፈቃድ መስጠት ይኖርባቸዋል፤ ይህ ከባድ የሚሆነው ልማድ ስላልሆነ ብቻ ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ዛፉ የደረቀበት ገበሬ ዛሬ ጉቶውን ነቅሎ ወደ ጤፍና ድንች ሊመለስ፣ ባሕር ዛፍ ሊተክል ወይም በሽታው ያልፋል ብሎ ያንኑ ዲከረንስ ሊደግም እያመነታ ነው። በዚህ ሰሞን ምን እንደሚያውቅ፣ ማንን እንደሚያማክርና ምን እንደሚፈራ ካልተጠየቀ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መጠይቅ ይዞ የሚመጣው ተማሪ የሚያገኘው ውጤቱን ያየ ሰው የሚተርከውን ትዝታ ነው።