ለልጅ የትምህርት መስመር ስለ መምረጥ

ልጆቻቸው 10ኛውን ክፍል የጨረሱላቸው ወላጆች በየክረምቱ አንድ ነገር ያስጨንቃቸዋል። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መያዝ አለበትና፥ የትኛው ይሻለዋል እያሉ ይመካከራሉ። መመካከራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚመካከሩት ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ነው እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም።

በቅርቡ አንድ ወዳጃችን ሴት ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። እርሳቸው ልጂቱ ሐኪም እንድትሆን ስለሚመኙ የተፈጥሮውን መስመር ያዢ ብለዋታል፤ እርሷ ግን የማኅበራዊውን ትሻለች፤ ሕግ ልማር ትላለች። ወዳጃችንም «እርስዎ ከፍርድ ቤት የሚውሉ ሰው ነዎትና የሕግ ትምህርት እንጀራ እንደማይሆን ይንገሩልኝ» አሉን። ብዙ ዘመን በመዝገብ ጽሕፈት እንጀራችንን ስንበላ ኖረን ይህን ምስክርነት መስጠት አልተቻለንም። ልጂቱን ግን የማኅበራዊውን ስለ ምን እንደ ወደደች ብንጠይቃት፥ አንገቷን ደፍታ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ከሒሳብ ለመገላገል ነው» አለች።

የነገሩ ሥር ይህ ሆኖ አገኘነው። የተፈጥሮው ተማሪ በ12ኛ ክፍል ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ የማኅበራዊው ደግሞ ጂኦግራፊ፥ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ግን ለሁለቱም ናቸው። ፈተናውም ታልፎ ነገሩ በዚያ አይቆምም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የጋራ ትምህርት እንዲማር ስለ ተደረገ፥ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም የተዘጋጀ ሒሳብ አለ። ከዚያ ወዲያ ኢኮኖሚክስ ወይም የሒሳብ አያያዝ ልማር ያለ ልጅ፥ የሸሸው ነገር ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል።

ለአባትየውም የምንለው ነበረን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። ፈተናው እንዲህ የጠበበ በር ሲሆን፥ ልጅን ለፊዚክስ ልብ ሳይኖራት ለስሙ ሲባል ብቻ ወደዚያ መግፋት ምን ይጠቅማል? የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቷን በየትምህርቱ ለይተው እንዲመለከቱ፥ መምህራኖቿንም ራሳቸው ሄደው እንዲጠይቁ ነገርናቸው። የ11ኛ ክፍል የፊዚክስና የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ተውሰው አንድ አንድ ሳምንት ቢያስነብቧትም መልካም ነው አልን። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነውና፥ የትኛው እንደ ከበዳትና ቋንቋው ብቻውን ያስቸገራት የት ላይ እንደ ሆነ በዚያው ይታወቃል። እኛ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ዳዊት ሳይደግም ወደ ቅኔ ቤት ልሂድ የሚለውን ልጅ የኔታ በአለንጋ ይመልሱት ነበር፤ አለንጋውን አንመክርም።

ወዳጃችን «እንግዲያውስ ከእርሷ ጋር ሆኑ» ብለው ቅር እንዳላቸው ወጡ። ልጂቱ ግን የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ልታጠና ተስማምታለች።