ጊታር የሚማሩትን አናሸማቅቅ

በማኅበራችን አዳራሽ ቅዳሜ ማታ ጊታር መለማመድ የጀመሩ ጎልማሶች መሳቂያ ሆነዋል። «በዚህ ዕድሜ?» እየተባለ ሁለቱ ቀርተዋል። ይህ ደግ አይደለም። እኛም ሞክረን አይተነዋል። ስድስቱ ክር ሽቦ ነው፣ የጣት ጫፍ ያቆስላል፤ ቆዳው እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ጣት ማዛወሩማ፣ ወይ ጉድ! የትዝታ ቅኝት ግን አምስት ድምፅ ብቻ ነውና፣ ጆሯችንም ስለለመደው፣ በእሱ ቢጀመር ይቀላል እንላለን።

ድምፁ ረበሸን ያላችሁ ጎረቤቶችም እውነት አላችሁ። ስለዚህ ልምምዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዳያልፍ፣ መስኮቱም እንዲዘጋ ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግረናል። በመስኮት እያዩ የሚስቁትም በዚያው ይቀርላቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን ይመለሱ፤ ወንበራቸው አልተነሳም።