ርካሹ ኩባያ ስለምን ተወደደ?

በአዲስ አበባ የሠፈር ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ሊታዘበው የሚችል አንድ ግብይት አለ። ወጣቷ ደንበኛ ትመጣለች። ሲጋራ የሚገዛው ሰውዬ እስኪሄድ፣ ዳቦ የተላከው ልጅ መልሱን እስኪቀበል ትጠብቅና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያንን አንድ ስጠኝ» ትላለች። ባለሱቁም «የቱን?» ብሎ አይጠይቅም። ሞዴሱን ከላይኛው መደርደሪያ ያወርድና በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በጥቁር ፌስታል ከትቶ ያቀብላታል። (ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ይኸው መሆኑን አንባቢ አያጣውም።) ዋጋው ካለፈው ወር ጨምሮ ከሆነ ልጅቷ የምታውቀው መልሱን ስትቆጥር ነው።

ያቺው ልጅ ከጉልት አንድ መደብ ቲማቲም ስትገዛ ግን «ካልመረቅሽልኝ እሄዳለሁ» ብላ ትከራከራለች። ስሙን ጮክ ብላ የማትጠራውን ዕቃ ግን ማን ተከራክሮ ይገዛል? ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ዓይነት የማይመረጥበት፣ አንዷ ለሌላዋ «ይኼ ይሻላል» የማትልበት ገበያ ለሻጭ ምቹ ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ታጥቦ ዳግመኛ የሚያገለግለው የጨርቅ ሞዴስና ከሁሉም በላይ የወር አበባ ኩባያ የሚባለው ዕቃ የገጠማቸው ይኸው ነው።

ኩባያው የደወል ቅርጽ ያለውና ለሕክምና አገልግሎት ከሚውል ሲሊኮን የሚሠራ ነው። ተጣጥፎ ወደ ብልት ይገባና ደሙን እንደ ሞዴስ በመምጠጥ ሳይሆን በማጠራቀም ይይዛል። እንደ ደሙ መጠን ከ4 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ይወጣል፤ ተደፍቶና ታጥቦ ይመለሳል። የወር አበባው ሲያበቃ ተቀቅሎ ለሚቀጥለው ወር ይቀመጣል። በአግባቡ ከተያዘ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። የዛሬ ዘመን ፈጠራም አይደለም። ሊዮና ቻልመርስ የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር። የያኔው ኩባያ ከጎማ ይሠራ ስለነበር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎማውን ሲያሳጣት ሥራዋ ተቋረጠ።

ሒሳቡ ምን ይመስላል? በብር መሥራቱ ዛሬ አያስተማምንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። የሞዴስ ጥሬ ዕቃም በአመዛኙ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ስለዚህ መለኪያው ሞዴሱ ራሱ፣ ማለትም 10 ፍሬ የያዘው እሽግ ይሁን። በቀን አራት ጊዜ እየቀየረች ለ5 ቀን የምትጠቀም ሴት በወር 2 እሽግ ትጨርሳለች። ዓመቱ 13 ዑደት አለውና 26 እሽግ፣ በ10 ዓመት 260 እሽግ ይሆናል። አንድ ኩባያ የ20 እሽግ ዋጋ ቢጠየቅበት እንኳ ከ10 ወር በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ አትራፊ ኢንቨስትመንት በማንኛውም የአገሪቱ ባንክ አይገኝም።

በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ የሆነች የ31 ዓመት ሴት ይህን ሒሳብ ኖራበታለች። ኩባያውን የላከችላት አሜሪካ የምትኖር እህቷ ናት። የመጀመሪያው ወር ፍርሃት ነበር። «ወደ ላይ ገብቶ ቢቀርስ?» በሚል ሐሳብ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ አውጥታ አየችው። (የማህፀን በር ጠባብ ስለሆነ ኩባያው አልፎ የሚሄድበት ቦታ የለም።) በሁለተኛው ወር በትክክል ሳይዘረጋ ቀርቶ ስላፈሰሰባት በላዩ ሞዴስ ደረበች። በሦስተኛው ወር አንድ የሥራ ቀን ሙሉ ረስታው ዋለች። ደንበኛ በተሰለፈበት መስኮት ሆና በየሦስት ሰዓቱ ለመነሣት ሰበብ መፈለግ ቀረላት፤ ለእርሷ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። የተቸገረችው በመቀቀያው ነው። ምግብ በሚበሰልበት ድስት መቀቀሉን አእምሮዋ አልቀበል ስላላት የወተት ዱቄት ጣሳ ለብቻው መደበች። አከራይዋ «ምንድን ነው የምትቀቅዪው ልጄ?» ሲሏት «መድኃኒት ነው እትዬ» ብላ አልፋለች።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ የእርሷን ታሪክ ይደግፋል። 3 ሺህ 300 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች የተሳተፉባቸውን 43 ጥናቶች የመረመረው ይህ ሥራ ኩባያው በማፍሰስ ረገድ ከሞዴስ የማይብስ፣ አንዳንዴም የሚሻል ሆኖ አግኝቶታል። ጥያቄው ከቀረበላቸው መካከል 70 በመቶ ያህሉ መጠቀሙን ለመቀጠል እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ለመልመድ ግን ጥቂት ወራት ይጠይቃል። ሉፕ ያስገባች ሴት ሐኪሟን ሳታማክር መጀመር የለባትም።

ወደ ሌላዋ ሴት እንለፍ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው፤ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በወር አንድ እሽግ ትገዛና ደሙ በሚበዛባቸው ሁለት ቀናት ትጨርሰዋለች። የቀሩትን ቀናት በአሮጌ ጨርቅ ትወጣቸዋለች። ጨርቁን ስታሰጣ ነጠላ ታለብስበታለች። ስለ ኩባያው በሥራ ቦታዋ በተሰጠ ትምህርት ሰምታለች። ጠያቂ ሲፈለግ እጇን ያነሣችው ስለ ክብረ ንጽህና አልነበረም። «አሁኑኑ የሚከፈል ነው ወይስ ቀስ እየተባለ?» ነበር ያለችው።

የገበያው ቋጠሮ ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ለዚህች ወጣት ከላይ የተሠራው ሒሳብ አይሠራም። በወር የምታወጣው የአንድ እሽግ ዋጋ ስለሆነ ኩባያው ወጪውን የሚመልስላት በ10 ወር ሳይሆን በ20 ዑደት፣ ማለትም ከዓመት ተመንፈቅ በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ በዚያው ፋብሪካ መኖሯንም አታውቅም። ጭራሽ በጨርቅ ብቻ የምትጠቀመው የገጠር ሴት ደግሞ ከኪሷ የምታወጣው ገንዘብ ስለሌለ የምትቆጥበውም የለም። ኩባያው ብዙ የሚቆጥበው ብዙ ለምታወጣው ነው። «የድሃዋን ወጪ ይቀንሳል» እየተባለ በየስብሰባው የሚነገረው ይህን ያላገናዘበ ነው። ድሃዋ የምታተርፈው ሌላ ነገር ነው፦ ጨርቅ ከማጠብና ከመደበቅ መገላገል፣ በሥራ ሰዓት ከስጋት ነፃ መሆን። ይህም ትርፍ ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ሆኖ እጅ ላይ አይገባምና ለኩባያው አይከፈልበትም።

የደመወዙ ነገር ደግሞ ይታሰብ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደነበር ገልጿል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ የ20 እሽግ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል? ድሃ በእሽግ የሚገዛው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም። ዘይት በሊትር ሳይሆን በትንሿ መስፈሪያ የሚገዛው ጠርሙሱ እንደሚረክስ ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? ገንዘቡ የሚመጣው በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ ወጪውም እንደዚያው ይሆናል። ስለዚህ ኩባያው የተወደደው በዋጋው ሳይሆን በአከፋፈሉ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ባለሱቁስ? ሞዴስ የሚያመጣለት ትርፍ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ የማይቀር ነው። ደንበኛዋም ሞዴስ ልትገዛ መጥታ ሳሙናና ክብሪት ይዛ ትሄዳለች። አንድ የመርካቶ አከፋፋይ ነገሩን በአጭሩ አስቀምጦታል፦ «ኩባያውን ዛሬ ብሸጥላት መቼ ልትመለስ ነው? ልጇን ልትድር ስትል?» ነጋዴው አይወቀስም። ገዢዋም ልብስ እንደምትለካው ለክታ፣ ሽቶ እንደምታሸተው አሽታ የምትወስደው ዕቃ አይደለም፤ አንዴ ከተከፈተ የሚመልሰው የለም። የማያውቁትን ዕቃ፣ በትልቅ ዋጋ፣ ያለ መመለሻ መግዛት ለማንም ከባድ ነው።

በዚህ ላይ በኔፓል ቺትዋን አካባቢ ኤሚሊ ኦስተርና ርብቃ ቶርንተን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ያካሄዱት ጥናት ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። 198 ልጃገረዶችን ከእናቶቻቸው ጋር መዝግበው በዕጣ ለግማሾቹ ኩባያ ሰጡ። ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው ለብዙ የእርዳታ ድርጅት የማይጥም ነው፤ ልጃገረዶቹ ድሮውንም በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩት በዓመት ከአንድ ቀን ያነሰ ስለነበር ኩባያው በትምህርት ገበታ መገኘታቸውን አልለወጠውም። የኔፓሉ ውጤት ለአፋር ወይም ለወላይታ ይሠራል ማለት ባይቻልም፣ ቁጥር ሳይጠይቁ «ሞዴስ ስጡ፣ ትምህርት ይሰምራል» ለሚሉ ልጓም ነው። ሁለተኛው ግኝት ለገበያው ይበልጥ ይጠቅማል። ኩባያ የደረሳቸው ጓደኞች በበዙላት ቁጥር ልጅቷ ኩባያውን በትክክል መጠቀም የመቻሏ ዕድል ከፍ ብሏል። በማስታወቂያ የማይሸጥ፣ ከጓደኛ አፍ የሚሸጥ ዕቃ ነው ማለት ነው።

መካከለኛ መንገድ ሆኖ የቆየው የጨርቅ ሞዴስ ነው። መቀሌ የሚገኘውን ማርያም ሳባ ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ምርታቸው እየታጠበ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ትልቁ ገዢያቸው ሆኖ የቆየው የእርዳታ ድርጅት እንጂ ባለሱቅ አይደለም። እርዳታ ሰጪ የሚገዛው ምርት ልጃገረዶችን ይደርሳል፤ ነገር ግን ገበያ አይሆንም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት መቀሌ ከሌላው የአገሪቱ ገበያ ተቆራርጣ በቆየችበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ምርት ከአንድ ከተማ ብቻ መጠበቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ታይቷል።

ስለ ታክሱስ? በየመድረኩ ቀድሞ የሚነሣው መፍትሔ እርሱ ነው። ኬንያ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከሞዴስ ላይ በማንሣት እ.ኤ.አ. በ2004 ቀዳሚ ሆናለች። ታንዛኒያም በ2018 ተከትላ አነሣችና በዓመቱ መለሰችው። የመንግሥቱ ምክንያት «ነጋዴው ዋጋ አልቀነሰም» የሚል ነበር። ዋጋ ያልተጠየቀበትን ዕቃ ምን አስገድዶት ይቀንስ? ከዚህም ሌላ ሸቀጡን ከታክስ ነፃ ማለትና ታክሱን ዜሮ በመቶ ማድረግ አንድ አይደሉም። ነፃ ሲባል አምራቹ ለጥሬ ዕቃ የከፈለው ታክስ ስለማይመለስለት ወጪው ሆኖ ይቀርና ዞሮ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ዜሮ በመቶ ሲሆን ግን ይመለስለታል። ታክሱ መቀነሱ መልካም ነው። ለስፌት ሠራተኛዋ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ለእርሷ ጥያቄ የሚሆን መልስ አገሪቱ ከጥንት ጀምሮ አላት፤ እቁብ ይባላል። አሥር የሥራ ባልደረቦች በየወሩ የ2 እሽግ ዋጋ ቢያዋጡ በየወሩ የ20 እሽግ ዋጋ ይሰበሰባል፤ አንዷ በዕጣ ኩባያዋን ትወስዳለች። በአሥረኛው ወር ሁሉም ይዘዋል። አንዷ እሽግ የምትገዛው የግማሹን ብታዋጣ እቁቡ ሃያ ሰው ይሆናል እንጂ አይፈርስም። ወለድ የለውም፤ መያዣ አይጠይቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀድሞ የደረሳት ለቀጣይዋ ታስተምራለች፤ ኔፓል ውስጥ የታየው የጓደኛ ኃይል በእቁቡ ውስጥ ሳይከፈልበት ይገኛል። አስመጪውም ከባለሱቁ ጋር ከመለማመጥ በቀጥታ ለእቁብ ዳኞች በአሥር በአሥር ቢሸጥ፣ ያልተስማማትም በሦስት ወር ውስጥ ገንዘቧን የምታገኝበትን ዋስትና ቢሰጥ ያዋጣዋል። አሠሪዎችም ከደመወዝ ላይ በስድስት ወር የሚቆረጥ ብድር ቢሰጡ መጠኑ ለአንድ ፋብሪካ የሻይ ወጪ ነው።

ኩባያው ለሁሉም ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ንጹሕ ውኃና የሚዘጋ በር በሌለበት ቦታ ኩባያውን መጠቀም ያስቸግራል። በሶማሌና በአፋር ክልሎች ብልትን እስከ መስፋት የሚደርሰው ግርዛት በተፈጸመባቸው ሴቶች ዘንድ ኩባያው አይታሰብም። የክብረ ንጽህናው ጥያቄም በእናቶች ዘንድ አለ፤ ስስ ሽፋኑ በሌላም ምክንያት ሊለጠጥ እንደሚችል፣ የድንግልና ማረጋገጫም እንዳልሆነ ሐኪሞች ቢናገሩም፣ እናቲቱ ካልተቀበለችው ሻጩ አያስገድዳትም። ለእነዚህ ሁሉ የሚታጠበው ጨርቅና ሞዴሱ በገበያው ላይ መቆየት አለባቸው።

ባንክ የምትሠራዋ ሴት እስካሁን ሦስት የሥራ ጓደኞቿን አስተምራለች። አንዷ በሁለተኛው ወር ተወችው፤ ሁለቱ ቀጥለዋል። በአሁኑ ጊዜ ከጥበቃና ከጽዳት ሠራተኞች ጋር ሆነው የአሥራ ሁለት ሰው እቁብ ለመጣል ተነጋግረዋል። ያልተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ለማን ይስጡ? የጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል የገባች ልጅ አለቻት፤ «ለእኔ ሳይሆን ለእሷ» ብላለች። ልጅቷ ግን ገና አልተጠየቀችም።