ሐምሌ 18 ሳይደርስ

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ድንጋይ ተፈልጦ ያለቀበት ካባ በዝናብ ይሞላል። ትምህርት የተዘጋላቸው ልጆች ልብሳቸውን ዳር ላይ ጥለው ይገባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ይቀራል። የእሳትና አደጋ ጠላቂ ዋናተኞች ተጠርተው አስከሬን ያወጣሉ፤ ወላጆች ልጆቻችሁን ጠብቁ የሚል ማሳሰቢያ በሬዲዮ ይነገራል። እኛም ለቅሶ እንደርሳለን። እድሩ ድንኳን ይጥላል፤ ሦስት ቀን ተቀምጠን እንበተናለን። በዓመቱ ያው ዜና በሌላ ሰፈር ስም ይመለሳል።

እኔ በዚህ ለቅሶ መቀመጥ በቅቶኛል። እናንተንስ?

ልጆቹን መውቀስ ከንቱ ነው። ልጅ ውሃ ካየ ይገባል፤ እኛም ገብተን ነበር። የአዲስ አበባ ታላላቆች ዋና የለመዱት በቀበና ወንዝ ነው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን አንገታቸውን ደግፈው ያንሳፍፏቸው ነበር፤ ያ ወንዝ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቀበናም ባንተይቀጡ ወንዝም በሽንት ቤት ፍሳሽ ተበከሉ። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ልጅ በአብዛኛው የቀረለት ውሃ ሁለት ነው፤ የሆቴል ገንዳና የካባ ጉድጓድ። ሆቴሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጉድጓዱ ነፍስ።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በሕዝብ ፓርኮቻችን ውስጥ ለየሰፈሩ ልጅ፣ እናትና አዛውንት የሚሆን፣ ጠባቂና አስተማሪ ያለው፣ የጋራ መዋኛና መዝናኛ ይሠራልን።

ይህን ሐሳብ ባነሳሁበት ሁሉ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ከፊሉ ደስ ይለዋል። ከፊሉ ደግሞ «ፓርክ የዛፍ ነው፤ አትንኩት» ይላል። እነዚህን ሰዎች እንደ ባላንጣ አላያቸውም፤ የሚፈሩት እውነት ነውና። በፕላን አረንጓዴ ተብሎ የተያዘ ቦታ «ለጊዜው» ተብሎ ታጥሮ፣ ውሎ አድሮ መጋዘን ወይም ካፌ ሆኖ ሲቀር በዓይናችን አይተናል። እንግዲያው ፍርሃታቸውን የጥያቄያችን አካል እናድርገው። አንድም የቆመ ዛፍ አይቆረጥ። ገንዳው የሚያርፈው አስቀድሞ ሲሚንቶ በለበሰ ወይም መኪና በሚቆምበት ደረቅ መሬት ላይ ይሁን። ቦታው ለግል ባለሀብት እንዳይተላለፍ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይታሰር፤ የመግቢያ ዋጋውም የቀን ሠራተኛ ልጅ የሚችለው ይሁን። ዛፍ ካልተቆረጠ አይሠራም የተባለ ዕለት እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ።

የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው። ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጀሪካን ደርድራ ሌሊት ውሃ የምትጠብቅ እናት «ለመጠጥ ያጣሁትን ለዋና ልትደፉት ነው?» ብትል ማን ይፈርድባታል? መልስ ይገባታል፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መለማመጃ ገንዳ 300,000 ሊትር ይይዛል። 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ 30 ጊዜ ቢመላለስ ይሞላዋል። ውሃው በየሳምንቱ የሚደፋ አይደለም። በፓምፕ ይሳባል፣ በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል፣ ክሎሪን ይጨመርበትና ይመለሳል፤ የሚተካው በትነት የሄደውና ማጣሪያው ሲታጠብ የጎደለው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። የልብስ መቀየሪያውና የስፖርት አዳራሹ ጣሪያ 300 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ከላዩ የሚወርደው ዝናብ በዓመት ወደ 300,000 ሊትር ይደርሳል። ከፊሉ ይባክናል እንበል፤ የቀረው በሮቶና በጉድጓድ ቢጠራቀም የገንዳው አብዛኛው ውሃ ከሰማይ መጣ ማለት ነው፤ ከጀሪካን የሚቀነሰው ጥቂት ነው። ያ ዝናብ ዛሬ የት ይሄዳል? ልጆቻችንን ወደሚበላው ካባ።

አቅም የለም የሚለውን አልቀበልም። በ2011 ዓ.ም. የከተማዋን ወንዞች ዳርቻ በ56 ኪሎ ሜትር ለማልማት የ29 ቢሊዮን ብር ዕቅድ ሲነገር ሰምተናል። ለዚያው ሥራ በተጠራው «ገበታ ለሸገር» አንድ ሰው ለአንድ ራት 5 ሚሊዮን ብር ከፍሏል። ለከተማዋ ውበት እንዲህ ከተዋጣ፣ ለልጆቿ ነፍስም ይዋጣል። ደግሞስ ይህች ከተማ ለውሃ እንግዳ ናት? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍል ውሃው አጠገብ ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ሰው ገላውን ሊታጠብ በሚወርድበት ሜዳ ላይ ነው።

ክርክሩ ይቀጥል፤ ግን አይርዘም። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ማካረን በሚባል ፓርክ በ1936 እ.ኤ.አ. ለ6,800 ሰው የሚበቃ ገንዳ ተከፍቶ ነበር። በ1984 ተዘጋ። ነዋሪው ይታደስ፣ አይታደስ ብሎ ተከፋፈለና ገንዳው ደርቆ ቀረ፤ ዳግም ውሃ የገባበት በ2012 ነው። በተዘጋበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ሲከፈት የ28 ዓመት ሰው ሆኖ ነበር። የእኛ ልጆች ያን ያህል መጠበቅ አይችሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰው በዓለም ላይ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች መስጠም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ዋና ማስተማር ድርጅቱ ራሱ የሚመክረው መከላከያ ነው።

እናንተ የእድር ዳኞች፣ ለልጅ ቀብር የምታወጡትን ገንዘብ ታውቁታላችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። መምህራንና ወላጆች፣ በክፍል ውስጥ ዋና የሚችል ስንት ልጅ እንዳለ እጅ አስወጥታችሁ ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉት። መሐንዲሶች፣ በየሰፈራችሁ ፓርክ ዛፍ የማይነካውን ጥግ ፈልጋችሁ አንድ ንድፍ በነፃ ሥሩልን። እናቶችና እህቶች፣ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓትና ሴት አስተማሪ እንዲኖር እናንተው ጠይቁ፤ እናንተ ያልገባችሁበት ገንዳ የጋራ አይባልም። ወጣቶች፣ ፊርማውን ከቤት ቤት የምታሰባስቡት እናንተ ናችሁ፤ ነገ ገንዳው ዳር ቆማችሁ ታናናሾቻችሁን የምትጠብቁትም እናንተው።

ሐምሌ 18 የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው የመስጠም መከላከያ ቀን ነው፤ ካባዎቹ ጢም ብለው የሚሞሉበት ወር። ከዚያ ቀን በፊት ፊርማችሁንና የእድራችሁን ማኅተም ይዛችሁ ወደየወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።